እህቴ ሻርጃ ታማለች፤ በአቅሟ የት ትታከም?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች። ታናሽ እህቴ ኤሚሬትስ፣ ሻርጃ ከተማ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) የታደሰው አምና ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎኗን ሲያማት ኖሮ አልነገረችንም። ትናንት ሌሊት ደውላ ስታለቅስ ነው የሰማነው። ቀኝ ጎኗን ከጀርባ ይጀምራትና ወደ ታች ይወርዳል። ሲነሳባት መቀመጥም መተኛትም አትችልም። ሲለቃት ደግሞ ምንም ያልነበረ ይመስላል። አሠሪዋ፣ መዳሟ፣ ፓናዶል ሰጥታታለች። «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ለማለት ግን ፈራች። «ታማሚ ናት ብለው ወደ መክተብ (ወደ ኤጀንሲው ቢሮ) ይመልሱኛል» ትላለች። አብራት የሄደች ልጅ አንድ የግል ክሊኒክ ገብታ የወር ደመወዟን አራግፋ ወጣች አሉ። ያንን ከሰማች ወዲህ ጭራሽ አፏን ዘጋች።

እዚህ ቤቱ ተረብሿል። እናቴ ጀበናውን ከከሰሉ አላወረደችም፤ ሰፈርተኛው ለዱዓ ይገባል፣ ይወጣል። አባቴ ጊደሯን ሸጠን ቲኬት እንላክላት፣ መጥታ ደሴ ትታከም ባይ ነው። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። እዚያ የኖራችሁ ንገሩኝ። የውጭ አገር ሰው በርካሽ የሚታከምበት ቦታ አለ ወይ? ስንት ይዛ ትሂድ?

አብሽር በለው (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ) | 2:31

አብሽር ወንድሜ! አላህ ያሽራት። የኩላሊት ጠጠር ነው የሚመስለው፣ የአጎቴ እንደዚሁ ነበር። አብሽ ዘፍዝፋ ጠዋት ጠዋት ትጠጣ። የገብስ ውሃም ጥሩ ነው። ሰው ካገኛችሁ ከዚህ ላኩላት።

ሲስተር ከሆጤ (ደሴ) | 2:58

አብሹን ትጠጣ፣ አልከለክልም። ግን ጠጠር መሆኑን ማን አየው? ቀኝ ጎን ነው። ትርፍ አንጀትም ሊሆን ይችላል፣ የሐሞት ከረጢትም ሊሆን ይችላል፣ ሴት ስለሆነች የእንቁላል ማምረቻም አለ። በስልክ የሚለይ ነገር አይደለም። የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል። ሁለቱም ቀላል ምርመራዎች ናቸው።

እስከዚያው ውሃ በደንብ ትጠጣ። እዚያ ያለው ሙቀት ሌላ ነው፤ ቤት ስታጸዳ ውላ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ የምትጠጣ ልጅ ጠጠር ቢይዛት አይገርመኝም። ፓራሲታሞል በልኩ ችግር የለውም። ዳይክሎፊናክ የሚባለውን ግን ከጓደኛ እየተቀበለች በየቀኑ እንዳትውጥ። ኩላሊቱ ላይ ችግር ካለ ያባብሰዋል፤ ጨጓራዋንም አይምርም።

አሁን የምጽፈውን ደግሞ ዛሬውኑ ንገራት። ሕመሙ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ፣ ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ ቀጠሮም ፈቃድም አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። የተዘጋ ኩላሊት ላይ ኢንፌክሽን ከገባ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

11 ዓመት ሻርጃ (ኮምቦልቻ) | 3:20

የተመለስኩት በቅርብ ነው፣ ስለዚህ ወሬው ትኩስ ነው። ሲስተር ያለችውን ያዝ። የገንዘቡን ለኔ ተወው።

እህትህ ኢንሹራንስ ሊኖራት ይገባል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሻርጃ፣ አጅማን፣ ፉጄራ፣ ራስ አል ኸይማና ኡም አል ቁወይን ውስጥ ለቤት ሠራተኛም ሳይቀር የጤና መድን ካልተገዛ ኢቃማ አይወጣም፣ አይታደስም። ዱባይና አቡዳቢ ቀደም ብለው ጀምረዋል። ከ2024 በፊት ፈቃድ የወጣላቸው እስኪያድሱ ድረስ ይቆያሉ ተብሎ ነበር። አንተ ግን አምና ታድሷል አልክ። ስለዚህ ያኔ ተከፍሎላታል ማለት ነው።

መነሻው ጥቅል በዓመት 320 ድርሃም ነው። ከፋዩ አሠሪው ነው፤ ከደመወዟ መቁረጥ የለበትም። በዚህ ጥቅል ተመላላሽ ስትታከም የሷ ድርሻ 25 ከመቶ ነው፤ ያውም በአንድ ጉብኝት ከ100 ድርሃም አያልፍም። መድኃኒት ላይ 30 ከመቶ ትከፍላለች፤ የመድኃኒቱ ጣሪያ በዓመት 1,500 ድርሃም ነው። ከተኛች 20 ከመቶ ነው፤ እሱም በአንዴ ከ500፣ በዓመት ከ1,000 አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለውን መድኑ ይሸፍናል።

ዋናው ጣጣ ምን መሰለህ? ክሊኒክ ሁሉ አይቀበለውም። ሲጀመር ውል የነበራቸው 7 ሆስፒታሎች፣ 46 ክሊኒኮችና 45 ፋርማሲዎች ነበሩ። ያቺ ደመወዟን አራግፋ የወጣችው ልጅ ውል የሌለው ቤት ገብታ ይሆናል። ወይም መታወቂያዋን ሳታሳይ በጥሬ ገንዘብ ከፍላ። እኔም መጀመሪያ ያው ነበርኩ፣ አልፈርድባትም። ገና በር ላይ መታወቂያዋን አውጥታ «ተእሚን?» (መድን አለኝ ወይ?) ብላ ትጠይቅ። በቁጥሯ አይተው ይነግሯታል። አይሠራም ካሏት የሚሠራበትን ቦታ ጠይቃ ትውጣ፤ አንድ ድርሃም አትክፈል።

የቦርከና ልጅ | 3:34

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። መታወቂያው ግን እጇ ላይ የለም፣ መዳሟ ዘንድ ነው።

11 ዓመት ሻርጃ | 3:41

መዳሟ መያዝ አይፈቀድላትም። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ የሠራተኛን መታወቂያ መያዝ ይከለክላል። ሕክምናውንም አሠሪው ላይ ነው የጣለው። የሕመም ፈቃድ በዓመት 30 ቀን አለ፤ 15ቱ ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ 15ቱ ያለ ደመወዝ። የሐኪም ወረቀት ግን ያስፈልጋል።

ሕጉ ይህ ነው። ሰው ቤት ስትኖር ግን ሕጉን የምታነብልህ መዳሟ ናት፣ እንተዋወቃለን። ስለዚህ «መብቴ ነው» ብላ አትጀምር። እኔ እንዲህ ነበር የምለው፦ «መዳም፣ ጎኔን በጣም አሞኛል። ተእሚኑ ተከፍሏል፣ አንቺን ብዙ አያስወጣሽም። ቶሎ ካልታየሁ ሥራውን አልችለውም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ሥራ የምትሠራው። እምቢ ካለቻት 80084 አለ፣ የሥራ ሚኒስቴሩ የአቤቱታ መስመር። አምቡላንስ 998 ነው። ሁለቱንም በስልኳ በሌላ ስም ትመዝግባቸው።

ጦሳ ላይ ሆኜ (ደሴ) | 4:02

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታማ ለምን አልነገረቻችሁም? ስትደውል የምትጠየቀው «መቼ ትልኪያለሽ» እየተባለ ስለሆነ ነው። የኛ ሰፈር ቤቶች ቆርቆሮ በማን ኩላሊት እንደተመታ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የቦርከና ልጅ | 4:10

ልክ ነህ። ቆርቆሮው የሷ ነው። እኔ የምነዳው ባጃጅም የሷ ነው።

ኡሙ ሷሊህ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ) | 4:25

ልጁን አትጫኑት፣ ጠይቆ መጥቷል። እኔ የሪያድ ነኝ። ሳዑዲ ያላችሁ የኤሚሬትሱን አንብባችሁ «እኔም አለኝ» እንዳትሉ። እዚያ ለቤት ሠራተኛ መድን ግዴታ የሆነው ከጁላይ 2024 ነው፤ እሱም ከአራት በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ። እኛ ቤት ሁለት ነበርን። ሲያመን ባባ ሰፈር ውስጥ ያለች ሙስተውሰፍ (ትንሽ ክሊኒክ) ይወስደን ነበር። ፊቱን አጥቁሮም ቢሆን ይከፍላል።

የሳዑዲ ቁጥሮች፦ 937 የጤና ሚኒስቴሩ የስልክ መስመር ነው፣ ደውላችሁ ምክር መጠየቅ ትችላላችሁ። አምቡላንስ 997። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ሆስፒታል «መጀመሪያ ክፈል» ብሎ ከበር መመለስ አይፈቀድለትም። በየመን በኩል የገቡ ልጆች ይህን ስለማያውቁ ብዙዎቹ ቤት ተኝተው ይሠቃያሉ። ወንድሜ አንዱ ነበር። ኢቃማ የለኝም ብሎ የተሰበረ እጁን በሻሽ አስሮ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። እጁ እንደተጣመመ ቀረ።

አንድ የቋንቋ ነገር ልጨምር። ኩላሊት በዐረብኛ «ኩልያ» ነው፣ አትረሳውም። ሕመም «ወጀዕ»። ትኩሳት «ሐራራ»። ጠጠሩ «ሐሳ»። መዳሟ አብራት ገብታ በሷ ቦታ እንዳትመልስላት እነዚህን ትያዝ። የኔዋ ሐኪሙ «የት ነው የሚያምሽ?» ሲል «ምንም የላትም፣ ስንፍና ነው» ብላ የመለሰችልኝ ቀን አለ።

የሐረጎው ሹፌር | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:05

መድኃኒት በሰው እንላክ ለምትሉ ተጠንቀቁ። መንገደኛ ስለማመላልስ ብዙ ሰምቻለሁ። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ እዚህ ሰው እንደ ከረሜላ ይይዘዋል። ኤሚሬትስ ግን ያለ ጤና ሚኒስቴሩ ፈቃድ የሚገባ ነገር አይደለም። ኮዴይን ያለበትም እንደዚሁ። ጫትማ ጭራሽ አይነሳም። የሰው ሻንጣ ውስጥ «ለእህቴ ናት» ብላችሁ የምትወረውሯት ፌስታል ሰውየውን ታሳስራለች። ዳማከሴና አብሽም ቢሆን ሳይታወቅ አይላክ፤ ፈታሹ ቅጠሉን በስሙ አያውቀውም።

ቤይሩት የቀረ ልቤ (ኮምቦልቻ) | 1:40

የሊባኖስ ሰው ካለ፦ እዚያ ኢቃማ ሲታደስ መዳም የምትገዛው መድን አለ። ግን ሆስፒታል ለመተኛት ነው እንጂ ለተመላላሽ አይደለም። ጥርስ፣ ጨጓራ፣ ጎን ውጋት፣ ከኪስ ነው። እኛን ያዳነን ሙስተውሰፍ ነው። ከጤና ሚኒስቴሩ ጋር የሚሠሩ ጣቢያዎች አሉ፣ የየትኛውም አገር ዜጋ በትንሽ ክፍያ ያያሉ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችም ቡርጅ ሐሙድ ላይ ለስደተኛ ሠራተኞች በነፃ ያክሙ ነበር። ሊራው ሲወድቅ ደመወዛችን የዳቦ መግዣ ሆነ፤ ያኔ ወረፋው እስከ መንገድ ይደርስ ነበር። እሑድ ዕረፍቴ ላይ ለሕክምና ስሰለፍ ነበር የምውለው። ጨርሼ ስወጣ መሽቷል። ዕረፍት ነው ይሉታል።

የፓርኩ ልጅ (ኮምቦልቻ) | 2:30

እኔ ከሌላው ወገን ላውራ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። አብሮን የሚሠራ ህንዳዊ አንድ ሌሊት ሆዱን ይዞ ተነሳ። ፓስፖርቱንና ገንዘቡን በአንድ እጁ፣ ሆዱን በሌላ እጁ ይዞ ነው በሬን ያንኳኳው። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት በጉም ወጣን። 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን በዚያ ሌሊት አልቆ አላለቀም። ሰውየው መንገዱን ሲያይ የሆዱን ሕመም ረሳው መሰለኝ።

እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ነው የሄድኩት። «ይቆርጠኛል» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እላለሁ ብዬ መንገድ ሙሉ ስጨነቅ ነበር። ደሴ ስንደርስ ሐኪሙ ከኔ በተሻለ እንግሊዝኛ አናገረው። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ለካ የኛ ሐኪሞች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው።

ለምን ይህን አወራሁ? ኤሚሬትስ ብዙ ህንዳዊ ሐኪምና ነርስ አለ። ዐረብኛው ካስቸገራት ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሚያማት፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች በእንግሊዝኛ አራት መስመር እንጻፍላትና በስልኳ ታሳይ። ከፈለግክ በውስጥ ላክልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲስተር ታርመዋለች።

ሲስተር ከሆጤ | 2:44

አርማለሁ። የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበረም ይግባበት። ወንድም ነኝ ብለህ አትፈር፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው። የምትጠላው መድኃኒት ካለም፣ ማለት የሚያሳክካት፣ የሚያሳብጣት።

አብሽር በለው | 3:15

የአባቱ ሐሳብስ ምን ነውር አለው? አገሯ መጥታ ብትታከም? ደሴ ሆስፒታል አልትራሳውንድ አለ፣ ቤተሰብም ከጎኗ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተርም አለ። እኛ ተሁለደሬዎች መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ሐይቅ ያለችው አክስቴ በሱ ነው የምትኖረው።

ሲስተር ከሆጤ | 3:29

ነውር የለውም፣ ግን ስሌቱ አይመጣም። የመድኑ አባልነት የሚመዘገበውና የሚታደሰው በዓመት አንዴ ነው፤ ዛሬ ከአውሮፕላን ወርዳ ነገ አትታከምበትም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደያዛት ሳይታወቅ አውሮፕላን ላይ ማውጣት አልወድም። እዚያው ትታይ። ከዚያ ትምጣ ከተባለ ትመጣለች።

የቦርከና ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። ከመሬቱ ደብተር ሥር የእህቴ ኮንትራት ተቀምጧል። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሦስት ዓመት። በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አላነበበውም። የፓርኩ ልጅ አነበበልኝ። ሕክምናና ኢንሹራንስ በአሠሪው ነው ይላል፣ በግልጽ።

11 ዓመት ሻርጃ | 2:05

ይላል እንጂ! የኛም አገር የውጭ ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ 923/2008፣ ኢንሹራንሱን አሠሪው ላይ ነው የጣለው። በሕጋዊ መንገድ የሄደች ልጅ ሁሉ ያ ወረቀት አላት። ፎቶ አንስተህ ላክላት። መዳሟን ባታሳያትም እሷ ታንብበው፣ ልቧ ይጠናል።

የቦርከና ልጅ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9:20

ታከመች! እንደተባለችው ነው የተናገረችው። መዳሟ «ተእሚን አለሽ እንዴ?» አለቻት። አምና ኢቃማውን ስታድስ ከሌላው ክፍያ ጋር ደርባ ከፍላ ረስታዋለች። ልጇ ስልክ ላይ ሲፈልግ ተገኘ። ይኸው አንድ ዓመት ሙሉ መድን ይዛ ፓናዶል ስትለምን ነበር።

ትናንት ማታ የቤቱ ሾፌር ወሰዳት። የመጀመሪያው ክሊኒክ አይሠራም አላት፣ ጠይቃ ወጣች። ሁለተኛው ተቀበላት። ጽሑፉን ስታሳየው ሐኪሙ «ማን ጻፈልሽ?» ብሎ ሳቀ፤ «ወንድሞቼ» አልኩት አለችኝ። ሽንትና አልትራሳውንድ ታየላት። ጠጠር ነው፣ 4 ሚሊ ሜትር። በውሃና በመድኃኒት ይወጣል ብሏታል። ለምርመራው 100 ድርሃም፣ ለመድኃኒቱ 36 ከፈለች። በሁለት ሳምንት ተመለሺ ተብላለች።

11 ዓመት ሻርጃ | 9:31

አልሐምዱሊላህ! ግን ቀጠሮውን ታስቀይር። ለዚያው ሕመም በሰባት ቀን ውስጥ ከተመለሰች የጉብኝቱን ድርሻ አትከፍልም። በሁለት ሳምንት ከሄደች እንደ አዲስ ነው። በስድስተኛው ቀን ትሂድ።

ሲስተር ከሆጤ | 9:40

ጎሽ። 4 ሚሊ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ሲወጣ ግን ያማታል፣ እንዳትደነግጥ። ትኩሳት ያልኩት አሁንም እንዳለ ነው። ውሃውን ሽንቷ ነጣ እስኪል ትጠጣ።

ጦሳ ላይ ሆኜ | 10:02

አላህ ይማራት። የዚህ ወር ብር ይቅርባችሁ።

የቦርከና ልጅ | 10:15

ነግሬያታለሁ። አልሰማ አለች፣ ለእናቴ ልትልክ ነው። ኧረ ተይ ብያት ተጣላን። አባቴ ጊደሯን አልሸጠም፤ ትናንት ግን ገበያ አውጥቷት እንደነበር ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሰሚራ ከሐርቡ | 10:48

ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። የኔ እህት ኦማን ናት፣ ሶሃር። ጥርሷን ነው፣ ፊቷ አብጧል። ኦማን የኖራችሁ አላችሁ?